መድኃኒቱን ማን ሰጠ? በስንት ሰዓት?

ቤት ውስጥ የሚታመም ሰው ካለ አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ጠዋት ልጅቱ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ትሰጣለች፤ ቀን የቤት ሠራተኛዋ፤ ማታ ኮምቦልቻ ውሎ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባው ወንድ ልጅ፤ እሁድ ደግሞ ጎረቤት። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚሰጡት፤ ስህተቱ የሚገባው ግን በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። «እማዬ፣ ክኒንሽን ወሰድሽ?» ሲባሉ «ኧረ አልወሰድኩም» ካሉ ሁለተኛ ይሰጣቸዋል። የደም ግፊት ክኒን የተደገመላቸው ሽማግሌ ከአልጋ ሲነሱ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ። ግሊበንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን ሲደገም ደግሞ ስኳሩ የሚወርደው ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና በክር የታሰረበት እስክሪብቶ ነው። ቦታው መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ይሁን፤ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ከተቀመጠ ሌላው አይጽፍበትም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የታማሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የማይስማማቸው መድኃኒት በቀይ፣ ቀጥሎም የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ ሚሊ ግራሙ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ፣ ሰዓቱ፣ ለምን እንደታዘዘና የተጀመረበት ቀን ይጻፋል። ስሙ ከማሸጊያው ላይ ተነብቦ ይጻፍ። «ነጯ ክኒን»፣ «የግፊቱ» የሚባለው ነገር አይሠራም፤ ፋርማሲው በሚቀጥለው ወር የሌላ ፋብሪካ ምርት ሲሰጥ ነጯ ክኒን ቢጫ ሆና ትመጣለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ የየቀኑ ነው። ኢናላፕሪል ለተባለው የደም ግፊት ክኒን አንድ መስመር እንዲህ ይሆናል፦ ጥቅምት 13፣ ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ፣ 1 ፍሬ፣ ጠዋት 1፡10፣ ፊርማ፣ ቀሪ 17። የሚጻፈው ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ነው፤ ይህን ማንም እንዳያላላው። አስቀድሞ ከተጻፈ ስልክ ይጠራል፣ እንግዳ ይገባል፣ ቡና ይቀዳል፤ ደብተሩ «ተሰጥቷል» እያለ ክኒኑ ረከቦቱ ላይ ከሲኒው ጎን እንደተቀመጠ ይመሻል። ያልተሰጠ ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍ፦ እምቢ አሉ፣ ተፉት፣ አልቋል፣ ሐኪም አስቁሟል። ባዶ የቀረ መስመር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ረስተው ይሁን ሰጥተው ሳይጽፉ ማንም አያውቅም። የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፣ ይፈረም፤ በማጥፊያ አይሸፈን።

«ቀሪ» የምትለው ዓምድ ትንሽ ብትመስልም እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው እሷን ነው። 60 ፍሬ ገብቶ በቀን 2 ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ 40 መኖር አለበት። 41 ከሆነ አንድ ሰው ሳይሰጥ ፈርሟል፤ 39 ከሆነ አንዱ ተደግሟል ወይም ጠፍቷል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰው ሆኖ መቁጠር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፋርማሲው ኤንቨሎፑ ላይ «8» ብሎ ሲጽፍ ምን ማለቱ ነው? በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከሆነ ከቀኑ 8። የስልኩ ማንቂያ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ፣ ደብተሩ በሐበሻ የተጻፈ ከሆነ፣ በአንድ ክኒን ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ ደብተሩ በሐበሻ ሰዓት ብቻ፣ «ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ማታ» የሚለው ቃል ሳይቀር ይጻፍበት። «በየ8 ሰዓቱ» የታዘዘ ጸረ ተህዋስያን ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ይሆናል። በቁርስ፣ በምሳና በእራት ከተሰጠ ግን ከእራት እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ ከ12 ሰዓት በላይ ሊሆን ይችላል። ፉሮሰማይድ ሽንት ስለሚያበዛ፣ በቀን አንዴ ከታዘዘ ጠዋት ይሰጥ፤ ማታ ከተሰጠ አረጋዊው በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ይወድቃሉ።

የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚታየው የማብቂያ ቀን የፈረንጅ ነው። 06/2027 የሚለውን በእኛ ያነበበ ሰው «የካቲት 2027፣ ገና ብዙ ዓመት አለው» ይላል፤ ትክክለኛው የሰኔ ወር 2019፣ እስከ 23 ድረስ ነው። ክኒን ከስትሪፑ (ክኒኖቹ በየተራ ከታሸጉበት ቅጠል) ሲወጣም ስሙና ቀኑ ከታተመበት ተቃራኒ ጫፍ ይጀመር፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ስሙ የጠፋ ቁራጭ ይቀራል።

ጳጉሜንም አትርሱ። የ30 ቀን መድኃኒት ነሐሴ 10 የወሰደ ሰው ቀጠሮው መስከረም 10 ከሆነ በመካከሉ 35 ቀን አለ። በቀን ሁለት ለሚወስድ 10 ፍሬ ይጎድለዋል፤ በ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች 12። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለአምስት ቀን መቋረጥ የሚጥለውን ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሲወሰድ የጳጉሜው ይጠየቅ።

የሚሊ ግራም ለውጥ ደግሞ ጸጥ ብሎ የሚገባ ስህተት ነው። ባለ 5 ሚ.ግ ኢናላፕሪል ሁለት ፍሬ ይሰጥ በነበረበት ቤት ባለ 10 ሲመጣ፣ እጅ የለመደውን ሁለት ይሰጣል፤ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። አዲስ መድኃኒት በገባ ቁጥር አሮጌው ስትሪፕና አዲሱ ጎን ለጎን ይነበቡ። በሁለት የንግድ ስም የመጣ አንድ ዓይነት መድኃኒትም አለ፤ ሁለቱም ይሰጡና ማንም አያስተውልም።

ሲሰጥ ታማሚው ተደግፈው ይቀመጡ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡ፤ የመርሳት ችግር ካለባቸው ጉንጫቸው ውስጥ እንዳልቀረ በትህትና ይታይ። መዋጥ ሲቸግራቸው መፍጨት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ግን «ሪታርድ»፣ «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር» የሚል የተጻፈበት ቀስ እያለ የሚሟሟ ነው፤ ከተፈጨ የቀኑ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ በሽሮፕ ሊገኝ ይችላል። ሽሮፑም የሚለካው አብሮት በመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ነው፤ የቤት የሻይ ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር አይደለም።

ሲያስፈልግ ብቻ የሚሰጠው ለብቻው ገጽ ይኑረው። ባለ 500 ሚ.ግ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ ክብደታቸው ለቀነሰ ወይም ጉበታቸው ለታመመ ከዚያም ያነሰ ነው፤ የጉንፋን ክኒኖችም ውስጥ ይገኛል። ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ኢናላፕሪልና ፉሮሰማይድ ለሚወስዱ ያለ ሐኪም አይሰጥ፤ ሦስቱ ተደርበው ኩላሊት ይጎዳሉ። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ለመድኃኒትነት ከተወሰደ እሱም ይጻፍ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰው በዐቢይ ጾም ጎመን ድንገት ሲያበዙ የመድኃኒቱ ጉልበት ይቀንሳል፤ መተው ሳይሆን ሳምንት ከሳምንት እኩል መብላት ነው የሚሻለው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስዱ ሰው ረመዳንን መጾም ካሰቡ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ የስሑርና የኢፍጣሩን መጠን አስታማሚ በግምት አይከፋፍልም።

ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጥ፤ ፍሪዘር ውስጥ ከረጋ ይጣል። የተከፈተው ብልቃጥ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፍ፤ አብዛኛው ከሙቀት ርቆ 28 ቀን ያገለግላል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ይረዳል፤ ኮምቦልቻ ቆላ ይላል፣ ስለዚህ በሚኒባስ የሚላክ ኢንሱሊን መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ደፍራሹ ዓይነት በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለል እንጂ አይናጥ። ስሪንጁም የኢንሱሊን ይሁን፦ 1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው። 10 ዩኒት በተራ ስሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ከተቀዳ አሥር እጥፍ ነው፤ ይገድላል።

ስህተት ከተፈጠረ አይደበቅ፤ በሰጠው ሰው ላይ መጮህ የሚቀጥለውን ስህተት ያስደብቃል። ሰዓቱ፣ የተሰጠው ነገርና መጠኑ ይጻፍ፤ ታማሚው በግድ እንዲያስመልሱ አይደረግ። የስኳር፣ የልብ፣ የደም ማቅጠኛና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ ምልክት ሳይጠበቅ ስትሪፑን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ነው። ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡና ንግግራቸው ከተዛባ፣ መዋጥም ከቻሉ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይሰጥ፤ ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይግባ። ያለፈ መድኃኒት በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ ተደርጎ አይካካስም።

ደብተሩ ሲያልቅ አይጣል። የመጀመሪያው ገጽ ወደ አዲሱ ሲገለበጥም ሁለት ሰው ይሁኑ፦ አንዱ ከስትሪፑ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌላው ደብተሩ ላይ በጣቱ እየተከተለ ይመልከት።