ጠላው እስከ መቼ ይቀዳ

ኅዳር 29 ቀን፣ ደብረ ብርሃን

ከሁለቱ ወንድሞቼ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በመድረክ ስንጫወተው የኖርነውን የሽምግልና ጭውውት ወደ ፊልም ለማምጣት ቀረጻ ከጀመርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። እስከ ትናንት ድረስ መልስ ያጣንለት ጥያቄ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ትንሹ ወንድሜ ጠላውን እስከ መቼ ይቅዳ?

ጭውውቱን ላላየ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ ጆሮው የከበደ አያት ሆኖ፣ ዋንጫውን በእጁ እንደያዘ፣ የልጅ ልጁን ለመጠየቅ ከመጡት ሽማግሎች ጋር ይከራከራል። እኔ የልጅቱ እናት ነኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል የማይተነፍሰው ትንሹ ወንድሜ ከማንቆርቆሪያው መቅዳቱን አያቆምም፤ ዋንጫው ይሞላል፣ ይፈሳል፣ የአያቱ ጋቢ ይርሳል፤ በመጨረሻም አያቱ ቀና ብለው ጣሪያውን እየተመለከቱ «ክረምት ገባ እንዴ?» ይላሉ።

በመድረክ ላይ የመቅጃው ልክ ታዳሚው ነበር። ደብረ ሲና የተጫወትን ማታ ሳቁ ረጅም ስለነበረ ማንቆርቆሪያው ተንጠፍጥፎ አልቋል። መሐል ሜዳ ላይ ግን ሰው በብርዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ስለሚቀመጥ ሳቁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ከሆድ ነው። ትንሹ ወንድሜ ይህን ሁሉ በጆሮው ያውቀው ነበር። ሳቁ ከፍ ብሎ ሊበርድ ሲል ማንቆርቆሪያውን ቀና ያደርጋል፤ ለታላቅ ወንድሜም «አሁን ተናገር» የሚለው ምልክት ይኸው ነው። አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም።

ለቀረጻው ግን ሁሉም ሰው ዝም እንዲል ታዘዘ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳቁ እንዳያመልጠው የአንገት ልብሱን ነክሶ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጠላው ዋንጫው ላይ ሲንቆረቆር ብቻ ይሰማል። ትንሹ ወንድሜ የሚሰማው ነገር ሲያጣ ፈራ፤ ቶሎ አቆመ፤ ታላቅ ወንድሜም ወዲያው ተናገረ። እሑድ ዕለት የተቀረጸውን ለጎረቤቶቻችን ስናሳይ፣ ጠላው መፍሰስ ሲጀምር ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ «ክረምት ገባ እንዴ?» የሚለውን ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው አልሰማውም። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችን ቃል በሳቁ ሥር ተቀብራ ቀረች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያደርኩት ከመድረክ ወደ ፊልም ስለ ተሻገሩት አሜሪካውያን ቀልደኞች፣ ስለ ማርክስ ወንድማማቾች ሳስብ ነው። የልብስ ሰፊው የሳም ማርክስና የሚኒ ልጆች የሆኑት እነዚህ የኒው ዮርክ ተወላጆች ያደጉት ቮድቪል በሚባለው፣ ዘፋኙ፣ ምትሃተኛው፣ አክሮባቱና ቀልደኛው በየተራ በሚወጡበት የመድረክ ዝግጅት፣ በባቡር ከከተማ ከተማ እየተንከራተቱ ነው። መጀመሪያ ዘፋኞች ነበሩ። በቴክሳስ፣ ናኮግዶቸስ በምትባል ከተማ፣ ያመለጠች በቅሎ ለማየት ታዳሚው ጥሏቸው ወጥቶ ሲመለስ፣ ከንዴታቸው የተነሣ ዘፈኑን ትተው ሰዉን መስደብ እንደ ጀመሩና ሰዉ ግን እንደ ሳቀላቸው ራሳቸው ይተርኩ ነበር። ሙሽራዋ ደረሰች ሲባል ዳስ ሙሉ ሰው ጥሎን የወጣበትን የሞላሌውን ሰርግ ስለማልረሳው ይህን ታሪክ ያለ ማመንታት አምነዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የምትማርከኝ እናታቸው ሚኒ ናት። ሥራ የምትፈልግላቸውም የምትዋዋልላቸውም እርሷ ነበረች፤ ቀልደኛው ወንድሟ አል ሺን ደግሞ በ1914 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ ትርኢት ጽፎላቸዋል። እኛም እማዬ የሰርግ ባለቤቶችን ደጅ ጠንታ ባትዋዋልልን፣ የአያቱንም ጋቢ ከየጭውውቱ በኋላ አጥባ ባታደርቅልን ኖሮ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንደርስም ነበር። ሚኒ ያረፈችው በመስከረም 1929 እ.ኤ.አ. ነው፤ የልጆቿ የመጀመሪያ ባለ ድምፅ ፊልም በወጣበት በዚያው ዓመት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሥራችንን ማፋጠን እንዳለብን ይሰማኛል።

ወንድማማቾቹ ወደ ፊልም የገቡት ድምፅ ከመጣ በኋላ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። በ1921 እ.ኤ.አ. የሞከሩት ድምፅ አልባ ፊልም ለሕዝብ ሳይደርስ ጠፍቶ ቀርቷል፤ ከወንድማማቾቹ የግሩቾ ምላስና የቺኮ የተጣመመ እንግሊዝኛ በጽሑፍ ብቻ እንዴት ይነገራል? የሚገርመው፣ ከእነርሱ መካከል ሃርፖ ድምፅ ባለው ፊልም ውስጥም በመድረክ እንደለመደው አንዲት ቃል ሳይናገር መቀጠሉ ነው። ትንሹ ወንድሜ የሚወደውም እርሱን ነው። ግሩቾም ቢሆን በመድረክ ይቀባው የነበረውን የቀለም ጢም ይዞ ካሜራ ፊት ቀረበ፤ ቀለም መሆኑን ማንም ሰው ያያል፤ ሆኖም አልቀየረውም። መድረካቸውን ሳያፍሩበት ይዘውት መሄዳቸውን እወድላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞቻቸው በብሮድዌይ፣ በኒው ዮርክ የቲያትር ሠፈር፣ የተጫወቷቸው ትርኢቶች ነበሩ። የመጀመሪያውን በ1929 እ.ኤ.አ. ሲሠሩ ቀን በአስቶሪያ ስቱዲዮ እየተቀረጹ፣ ማታ ሁለተኛውን በመድረክ ይጫወቱ ነበር። የዚያ ዘመን ማይክሮፎን የወረቀት ኮሽታ ሳይቀር አጉልቶ ስለሚይዝ፣ በእጃቸው የሚይዙት የመሬት ካርታ በውኃ እየተነከረ ይቀረጽ እንደነበር ተጽፏል። እኛ ዘንድ ኮሽታው ችግር አልሆነም፤ የጎደለን ሌላ ነው።

ለእኛ የሚሆነው መፍትሔ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። በፓራማውንት የፊልም ኩባንያ አምስት ፊልም ሠርተው፣ የመጨረሻው በ1933 እ.ኤ.አ. እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር፣ የፊልም አዘጋጁ ኢርቪንግ ታልበርግ ወደ ሌላው ኩባንያ ወደ ኤም ጂ ኤም ወሰዳቸው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፊልም ዋና ዋናዎቹን የቀልድ ትዕይንቶች ከቀረጻው በፊት ይዘው ሶልት ሌክ ሲቲን፣ ሲያትልን፣ ፖርትላንድንና ሳን ፍራንሲስኮን እየዞሩ በመድረክ እንዲጫወቷቸው አደረገ። ሰው የት እንደሚስቅና ሳቁ ምን ያህል እንደሚቆይ እየተለካ፣ የማያስቀው እየወጣ፣ ለሚያስቀው ደግሞ የዝምታ ጊዜ እየተተወለት ነው ፊልሙ የተሠራው። ታዳሚውን ወደ ቀረጻው ቦታ ማምጣት ካልተቻለ ልኩን ይዞ መሄድ ይቻላል ማለት ነው።

ኅዳር 21 ቀን የእማዬ የማርያም ማኅበር ተራው እኛ ቤት ስለነበረ፣ ከጸሎቱና ከዝክሩ በኋላ አስፈቅደን ጭውውቱን በእናቶች ፊት ተጫወትነው። እኔ ስልኬን በነጠላዬ ሥር ይዤ ሰዓት ቆጠርኩ። ጠላው ከዋንጫው ጠርዝ ካለፈበት ጀምሮ ሳቁ እስኪበርድ አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። በነጋታው በታላቅ ወንድሜ ሠፈር ለተሰበሰቡ ወጣቶች ስንጫወተው ግን ስድስት ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ልዩነቱ ብዙ አሳስቦኝ ነበር፤ ምክንያቱን የነገረችኝ እማዬ ናት። ወጣቶቹን የሚያስቃቸው የአያቱ ፊት ነው። እናቶቹ ግን ገብሱን አምሰው፣ ብቅሉን አብቅለው፣ ጌሾውን ወቅጠው፣ ጋኑን አጥነው የሚጠምቁ ስለሆኑ፣ እያንዳንዷ የምትፈሰው ጠብታ ሆዳቸውን ትነካዋለች፤ ይስቃሉ፣ ወዲያው ደግሞ «ኧረ በማርያም!» እያሉ ይሳቀቃሉ፣ መሳቀቃቸው መልሶ ያስቃቸዋል። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዱ ጭውውት ውስጥ ሁለት ቀልድ ስንጫወት ኖረናል።

ታላቅ ወንድሜ ስድስቱ ይበቃል፣ ወጣቱ ይሰለቻል አለ። እኔ አሥራ አንዱን ያዝኩ። ትናንት ማታ ከሰል ከበን ስንከራከር ካመሸን በኋላ ትንሹ ወንድሜ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ፣ ጠላው በዋንጫው ጠርዝ ላይ አብጦ ሊፈስ ሲል የሚቆይባትን ቅጽበት በስልኩ በቅርብ ቀርጾ አሳየን። በመድረክ ላይ ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ የተቀመጠ ሰው ይህን አይቶት አያውቅም። ከዚያ የእኔን ፊት፣ ከዚያ ከጋቢው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ብናስከትል፣ አሥራ አንዱ ሰከንድ ባዶ መጠበቂያ መሆኑ ይቀራል፤ የሚስቀው ይስቃል፣ የማይስቀውም የሚያየው አለው። ታላቅ ወንድሜ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየውና «በሉ እንግዲህ አሥራ አንድ ይሁን» አለ።

ካሜራው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። በድርሰቱ ገጽ ላይ፣ «ክረምት ገባ እንዴ?» ከሚለው መስመር በላይ፣ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። እማዬ አንድ ማሰሮ ጠላ ለይታ አስቀምጣልናለች፤ ከሥሩም የሚፈሰውን የሚቀበል ሰፌድ ሳይሆን ሰፊ ሳህን እንድናደርግ አጥብቃ አዝዛናለች።