ለንደን ላይ ኳስ የተጫወተው መቶ አለቃ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ተጫዋች ባወራችሁ አትቆጡኝም።

ሜልበርን ያላችሁ የአውስትራሊያን እግር ኳስ ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ሞላላ ኳስ፣ ሞላላ ሜዳ፣ በየቡድኑ 18 ሰው። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ከገባ 6 ነጥብ፣ በጎናቸው ካለፈ 1። በእጅም ይያዛል። ግፊያው የእኛን ገና ያስንቃል።

ብሩስ ስሎስ የሳውዝ ሜልበርን ተጫዋች ነበር። ክለቡ ዛሬ ሲድኒ ስዋንስ ይባላል። በ1912 እና በ1914 (በፈረንጆቹ) ለዋንጫ ደርሶ ሁለቴም ተሸነፈ። ሁለተኛውን ካርልተን የወሰደው በ6 ነጥብ ነው። አንዲት ጎል! እኔ ብሆን ዕድሜ ልኬን ስቆጭ እኖር ነበር።

ያኔ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሯል። ስፖርተኛው ዘምቶ «ታላቁን ጨዋታ» እንዲጫወት ይወተወት ነበር። እኔ ይሄ አነጋገር ደሜን ያፈላዋል። ጨዋታ እኮ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ነው።

ስሎስ ዘመተ፣ መቶ አለቃ ሆነ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 1916 ለንደን፣ ኩዊንስ ክለብ ሜዳ ላይ፣ ሁለት የአውስትራሊያ ወታደሮች ቡድን ተጋጠሙ። አንዱ ማልያው ላይ ካንጋሮ፣ ሌላው የአገሩን ካርታ አድርጓል። የዌልሱ ልዑል ሳይቀር ሊያይ መጥቷል። የስሎስ 3ኛ ክፍለ ጦር 52 ለ 36 አሸነፈ፤ አምበሉም እሱ ነበር። በመጨረሻ ቀናው።

ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 4 ቀን 1917 አርማንቲዬር አጠገብ መድፍ ገደለው። በእኛ ታኅሣሥ 26፣ 1909 መሆኑ ነው። ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው።

ቀኖቹን ሳመሳክር ሌላ ነገር አየሁ። የለንደኑ ግጥሚያ ዋዜማ የሰገሌ ጦርነት ቀን ነው፣ በእኛ ጥቅምት 17፣ 1909! እነሱ ለኳስ ሲዘጋጁ ሸዋና ወሎ እርስ በርሱ እየተላለቀ ነበር። የዚያ ዓመት ገና ስንቱ ቤት በለቅሶ እንደዋለ አስቡት። ዘንድሮም ከግንባር ልጅ የምትጠብቅ እናት አለች። ጎረቤታችሁ ከሆነች ዛሬ ብቻዋን አትተዋት፤ ቡናውን እሷ ጋ አፍሉ።

ልጆቹንም ከስልኩ ላይ አስነሡና የገና ዱላ አስይዟቸው። ጭንቅላት ብቻ እንዳይመቱ!

መልካም ገና።