ቪዲዮ አልከፍት ሲል፦ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ቪዲዮ አልከፍት ያለው፣ ድምፅ የጠፋበት፣ ምስሉ አረንጓዴ የሆነበት ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መምጣት ከጀመረ ሰነባብቷል። ክፍያው ቡና ነው። ባለሙያ አይደለሁም፤ ስልክ ፈትቼም አላውቅም። ነገሩ ግን ሱስ ሆኖብኛል። እንደኔ መነካካት ለምትወዱ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ስልክ መፍታት ያላስፈለገኝ ለምን መሰላችሁ? ከሚመጡልኝ ስልኮች አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ችግሩ ወይ ፋይሉ ላይ ነው፣ ወይ ማጫወቻው አፕ ላይ፣ ወይ ሚሞሪው ላይ፣ ወይ ኔትወርኩ ላይ። ሰው ግን አንድ ቪዲዮ እምቢ ሲለው «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው። ፎቶው ይጠፋል፣ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ያው ቪዲዮ ተመልሶ ሲጫን ያው አልከፍት ይላል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር ያበሽቀኛል።

ስለዚህ ስልክ ሲሰጠኝ ሴቲንግ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ያንኑ ፋይል ወደ ራሴ ስልክ አሻግሬ እከፍተዋለሁ። ቀጥዬ በባለቤቱ ስልክ ካሜራ አጭር ቪዲዮ ቀርጬ እዚያው አጫውታለሁ። የቀረጽኩት በደንብ ከተጫወተ ስልኩ በአብዛኛው ጤነኛ ነው። ፋይሉ እኔም ጋ እምቢ ካለ ጥርጣሬዬ ወደ ፋይሉ ይዞራል። እኔ ጋ ከፍቶ እሱ ጋ እምቢ ካለ ደግሞ ፋይሉና ስልኩ አልተግባቡም። ይህን ሳታደርጉ አፕ ማውረድ፣ ካሽ ማጽዳት፣ ስልክ ማጥፋትና ማብራት ጊዜ መግደል ነው።

አለመግባባቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ኤምፒ4 የቪዲዮ ዓይነት ይመስለዋል። ኤምፒ4 መያዣ ነው፤ እንደ ጥቁር ፌስታል ቁጠሩት። ውጭውን አይቶ ውስጡ ሽንኩርት ይሁን ድንች መለየት አይቻልም። ምስሉ የታመቀበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል፤ ድምፁም የራሱ አለው። ኤች.264 በፈረንጆች 2003 የወጣ ነው፤ የማያውቀው ስማርትፎን ማግኘት ይከብዳል። በ2013 ኤች.265 መጣ። ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ቦታ ይበቃዋል። በ2018 ደግሞ ኤቪ1 ተከተለ። አዲስ በሆነ ቁጥር ፋይሉ ያንሳል፣ የስልኩ ሥራ ግን ይበዛል። ስልክ ውስጥ ቪዲዮ ለመፍታት ብቻ የተሠራ የቺፕ ክፍል አለ። ያ ክፍል ኮዴኩን የማያውቀው ከሆነ ሥራው ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ያኔ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ ምስሉ ይንቀራፈፋል። የፋይሉን ስም ከኤምኬቪ (ይሄም ሌላ መያዣ ነው) ወደ ኤምፒ4 መቀየር ምንም የማይፈይደውም ለዚሁ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እኔ አሁን ያለሱ አልሠራም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሆኑኝ የሕንፃችን ጥበቃ ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ዘፈኑ ይሰማኛል፣ ሰው ግን አይታየኝም» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ልደት ነው። ልጃቸው ከአሜሪካ በአይፎን ቀርጻ በቴሌግራም ልካላቸዋለች። ስክሪኑ ጥቁር፤ ከጀርባ ጭብጨባና ሳቅ።

«ስልክ ልቀይር እንዴ ታዲያ?»

«ኧረ ይቆዩ ጋሼ፣ ስልክዎ ምንም አልሆነም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የአይፎን ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 11 በፈረንጆች 2017 ከወጣ ወዲህ፣ ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉት አይፎኖች ካልተነገራቸው በቀር ቪዲዮ የሚቀርጹት በኤች.265 ነው። ልጃቸው ደግሞ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የላከችው። እንደ ፋይል ሲላክ ቴሌግራም ምንም አይነካውም፤ 4ኬ የሆነው ቪዲዮ እንዳለ የጋሼ አሮጌ ስልክ ላይ አረፈ። ቪኤልሲን ጫንኩላቸው። ብርቱካናማ የመንገድ ኮን ምልክት ያለው ነፃ ማጫወቻ ነው፤ የስልኩን ኮዴክ ሳይጠብቅ የራሱን ይዞ ይመጣል። ምስሉ መጣ። ግን ልጁ ሻማውን እፍ ሲል ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ድምፁ ቀድሞ ኬክ ቆረሳ ላይ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ አልቻለውም ማለት ነው።

መፍትሔው እኛ ጋ አልነበረም። ለልጃቸው «እንደ ቪዲዮ አድርገሽ መልሰሽ ላኪው» ብለን መልእክት ሰደድን። እንደዚያ ሲላክ ቴሌግራም ራሱ አምቆ ያሳንሰዋል። ጥራቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ በእሳቸው ስክሪን ላይ ግን ልዩነቱን የሚያየው የለም። ለወደፊቱ ደግሞ አይፎኑ ላይ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን እንድትመርጥ ነገርናት። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህቺን አንድ መስመር ቢልክላቸው የኔ የምሳ ሰዓት በግማሽ ይቀልላል። ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ላይ ሌላም ነገር ይገጥማችኋል፦ ምስሉ ይከፈታል፣ ቀለሙ ግን ግራጫ ይሆናል ወይ ከልክ በላይ ይነጣል። በኤችዲአር፣ ማለትም ሰፋ ባለ የብርሃንና የቀለም ልክ፣ የተቀረጸ ነው። ይህም ብልሽት አይደለም፤ ካሜራው ላይ ኤችዲአሩን ማጥፋት ነው።

የተገላቢጦሹ፣ ምስል ኖሮ ድምፅ ሲጠፋ፣ ቀላል ነው። ሚሞሪ ላይ የተጫኑ ፊልሞች ድምፃቸው ብዙ ጊዜ ኢኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ በሚባሉ የድምፅ ኮዴኮች ነው። እነዚህ ፈቃድ የሚጠይቁ ስለሆኑ ኤምኤክስ ፕሌየር የሚባለው ማጫወቻ ይዟቸው አይመጣም፤ ድምፁ አይደገፍም የሚል ጽሑፍ ያወጣል። በቪኤልሲ ክፈቱት፣ አለቀ። ምስሉ አረንጓዴ ወይ የተበጣጠሰ ሲሆን ደግሞ ቪኤልሲ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን (ሥራውን ለዚያ የቺፕ ክፍል የሚሰጠውን) አጥፍታችሁ ሞክሩ።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። ፊልሙ ይጫወታል፣ ከሥሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይራወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ ሰው የሚጽፈው የላቲኑን ቦታ በሚይዙ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ ሲደርስ ዝባዝንኬ ይሆናል። ማጫወቻውን ብትቀያይሩ ለውጥ የለም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ አለበት። አንዳንዴ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ ማጫወቻው በሌላ ያነበዋል። ያኔ ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ የግርጌ ጽሑፉን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ጽሑፍ የሚቀመጥበት መንገድ) ማድረግ ይበቃል።

አሁን ኦንላይን ወደሚታየው ልሂድ፣ ክርክር የሚበዛው እዚህ ነው። ክቧ መሽከርከር ስትጀምር ሁሉም ኔትወርኩን ይራገማል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል ውስጥ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል አለ። ስታበሩት ቪዲዮው ላይ ትንንሽ ቁጥሮች ማውጣት ትችላላችሁ። እኔ የማየው ሁለቱን ብቻ ነው፦ ቀድሞ የወረደው ቪዲዮ ስንት ሰከንድ እንደሆነና ስንት ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከተሠራባቸው ቋሚ ምስሎች ስንቱ፣ ሳይታይ እንደወደቀ። ታክሲ ውስጥ ከአራት ኪሎ ወደ ስታዲየም ስወርድ ቁጥሮቹን ማየት ልማድ አድርጌያለሁ። ቀድሞ የወረደው እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ቪዲዮው ቆመ፤ ይሄ የኔትወርክ ነው። ሰከንዱ ሞልቶ የወደቀው ፍሬም ከጨመረ ግን ኔትወርኩ በከንቱ ነው የሚሰደበው፤ ስልኩ ነው ያልቻለው። ወይ ግሏል፣ ወይ ከኋላ ብዙ አፕ ተከፍቷል፣ ወይ የተላከለት ኮዴክ ከብዶታል። ሁለቱም ጋ ጥራቱን ወደ 480 ወይ 360 ማውረድ ይረዳል፤ በሁለተኛው ግን ዳታ መግዛት ምንም አይጨምርላችሁም።

ዳታ ካነሳን አይቀር፣ ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ ጥቅል የሚሸጠው በሜጋባይት። 8 ቢት 1 ባይት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚበላ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል። ጥቅሉ ለምን ከግማሽ ቀን እንደማያልፍ የሚጠይቁኝ ሰዎች ይህን ሒሳብ ስነግራቸው ዝም ይላሉ።

ሚሞሪ ካርድ ላይ ብዙ አልቆይም። መጀመሪያ የተጫኑት ፊልሞች ደህና ሆነው የኋለኞቹ ካልከፈቱ ካርዱን ጠርጥሩ። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ካርድ አለ። ለስልኩም 128 ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚጻፈው ይጠፋል ወይ የድሮው ላይ ይደረባል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ከመሞከራችሁ በፊት ያለውን ገልብጡ። ትልቅ ፊልም ሲገለበጥ መሀል ላይ እምቢ ካለ ደግሞ ካርዱ ፋት32 በሚባለው የድሮ የፋይል አደራደር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት መቀየር ነው፣ ስልኩ የሚያውቀው ከሆነ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሰሞኑን ነው። ቢሯችን በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ የእህቷን ምርቃት ስትቀርጽ ባትሪ አልቆ ስልኩ ጠፋ። ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ከጊጋ በላይ ነው፣ ርዝመቱ ግን ዜሮ ይላል። «ወንድሜ፣ ሌላ ምርቃት የላትም» አለችኝ። ቪኤልሲም አልከፈተውም።

መጀመሪያ ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ ዋናውን ስልኳ ላይ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ቅጂውን በሄክስ ኤዲተር፣ የፋይልን ጥሬ ባይቶች በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ከፈትኩት። ጤነኛ ኤምፒ4 ውስጥ ሦስት ነገር ይፈለጋል። መጀመሪያው ላይ የፋይሉን ዓይነት የሚናገር አጭር መስመር፣ ቀጥሎ ኤምዳት የሚባለው ምስልና ድምፅ የተከማቸበት ትልቁ ክፍል፣ ሌላው ሙቭ። ሙቭ ማውጫው ነው። እያንዳንዱ ፍሬም የት እንደሚጀምር፣ ስንት ባይት እንደሆነ፣ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚታይ የተጻፈው እዚያ ነው። ስልክ ሲቀርጽ ኤምዳቱን እየጻፈ ይሄዳል፤ ሙቩን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መቅረጽ አቁም ሲባል ነው። የእሷ ስልክ «አቁም» ሳይባል ነው የጠፋው። እስከ ፋይሉ መጨረሻ ወረድኩ፤ ሙቭ የለም። ምስሉ አለ፣ ማውጫው የለም።

አንትራንክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። በዚያው ስልክ፣ በዚያው የጥራት ምርጫ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ትሰጡታላችሁ። ከእሱ አሠራሩን አይቶ ለተበላሸው ማውጫ ይሠራለታል። ሰፈሯ ውስጥ የቀረጸችውን አንድ ቪዲዮ ሰጠሁት። የወጣው ፋይል ተከፈተ፤ እህቷ ጋውን ለብሳ ስትራመድ፣ ከኋላ እልልታ። የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ የለችም። ኢንተርኔት ላይ ፋይሉን ጫኑና እንጠግንላችሁ የሚሉ ገጾች አሉ፤ የሰው የቤተሰብ ቪዲዮ ለማላውቀው አካል አልሰጥም፣ እናንተም ባትሰጡ ይሻላል።

አንድ ነገር ቀርቷል። በተጠገነው ፋይል ላይ ድምፁ መጀመሪያ ልክ ነው፣ እየቆየ ግን ከምስሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ቢሆን፣ ለምሳሌ በብሉቱዝ ማዳመጫ ምክንያት እንደሚመጣው ዓይነት፣ ቪኤልሲ ላይ የድምፁን መዘግየት በሚሊሰከንድ አስተካክዬ እገላገል ነበር። ይሄኛው እያደገ ይሄዳል። ስልኮች ብርሃን ሲያንስ በሰከንድ የሚቀርጹትን ፍሬም ስለሚቀንሱ፣ አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ፍጥነቱ ወርዶ አዲሱ ማውጫ ግን ሁሉንም እኩል የቆጠረው ይመስለኛል። አሁን ከአዳራሹ በፊትና በኋላ ያለውን ለይቼ ቆርጬ የየራሱን ፍጥነት እየሰጠሁት ነው። ከዚህ የቀለለ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ልጅቷ በየቀኑ ቡና ስትሰጠኝ «ደረሰ?» እያለች ነው።