የአያቴን ሰላምታ ይዤ ነጋሽ ሄድኩ

ግንቦት 2015 ነበር። ከመቀሌ በሚኒባስ ተነስተን ውቅሮን አለፍን። 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ረዳቱ «ነጋሽ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ወረድኩ። መንደሯ ትንሽ ናት፤ መስጂዱ ከመንገዱ ሆኖ ይታያል።

አያቴ ወሎ ናት። ልጅ ሆኜ ቡና እያፈላች ትጠይቀኝ ነበር። «ሶሓቦቹ (የነቢዩ ባልደረቦች) መካ ላይ መከራ ሲበዛባቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወዴት ሂዱ አሏቸው?»

«ሐበሻ!»

«ለምን?»

«ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ስላለ!»

መልሱን እንደማውቀው እያወቀች ሁሌ ትጠይቀኛለች። እኔም ሁሌ እጮሃለሁ።

ዓመቱ 615 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ መዲና የተደረገው ሒጅራ (ስደት) ገና 7 ዓመት ይቀረዋል። መጀመሪያ ባሕሩን የተሻገሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤቱ፣ የነቢዩ ልጅ ሩቅያ፣ አብረው ነበሩ። ቀጥሎ በጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የሚመሩ ከ80 በላይ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ተከተሉ።

የመካ ገዢዎቹ ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስን ምርጥ ቆዳ በስጦታ አስይዘው ላኩት፤ ስደተኞቹን አስረክቡን አሉ። ነጃሺ የምንለው ንጉሡ አስሐማ ግን «ሳልሰማቸው አልሰጥም» አለ። እኔን ሁሌም የሚይዘኝ እዚህ ጋ ነው። ባዕዳን ናቸው፤ ገንዘብ የላቸው፣ ጦር የላቸው። ቢያስረክባቸው ማን ይጠይቀዋል? እሱ ግን አስጠርቶ አዳመጣቸው። ጃዕፈር ከቁርኣን፣ ከሱረቱል መርየም ሲቀራለት ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ተመለሰ። ጃዕፈር ያመነበትን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ንጉሡ ከመሬት ትንሽ እንጨት አነሳና፣ በእኛና በእናንተ መካከል የዚህን ያህል እንኳ ልዩነት የለም አለ። ስጦታውንም አስመለሰ።

ግቢው ውስጥ አንድ አዛውንት ተቀበሉኝ። «ከየት ነሽ ጓለይ?» አሉኝ። ከአዲስ አበባ አልኳቸው። ወደ ነጃሺ ቀብር ወሰዱኝ። የ15 ሶሓቦች ማረፊያ የሚባለውንም አሳዩኝ። ቆሜ ሰላምታ አቀረብኩ፣ ፋቲሓ ቀራሁ። ነጃሺ ሲሞት ነቢዩ መዲና ላይ ሆነው ሰው አሰልፈው ሰገዱለት። በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ቀና ስል ሚናራው ላይ የተመታበትን አየሁ። ከጦርነቱ በፊት የቱርክ መንግሥት የትብብር ድርጅት ቲካ አድሶት ያማረ ግቢ ነበር፤ በፎቶ አውቀዋለሁ። በ2013 ጦርነቱ ሲመጣ መስጂዱም የቀብሩ ሕንፃም ተመቱ። ስደተኛ የተጠለለበት ቦታ ነው። ምን ብዬ እንደምለው አላውቅም፤ ወላሂ አንጀቴን በላው።

አዛውንቱ አብዝተው አላወሩም። «ለዐሹራ ነይ» ብቻ አሉኝ። ዐሹራ ሲሆን ሰው ከየአገሩ ይመጣል፤ ዚያራውም ዱዓውም የዚያን ቀን ይደምቃል። እኔ ግን ጸጥታውን ወደድኩት። ዙህር ሰግጄ ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። የጃዕፈር ልጅ ዐብደላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነው። እነ ጃዕፈር የተመለሱት በ628 እ.ኤ.አ. ነው፤ 12፣ 13 ዓመት ማለት ነው። ልጅ ወልደው አሳድገው፣ በእኛ አየር ኖረው ሄዱ። ሽሽት ብቻ አይደለም፣ ኑሮ ነው።

መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ለአያቴ ደወልኩ። ጆሮዋ ደከም ብሏል፣ መጮህ ነበረብኝ።

«እምዬ፣ ነጋሽ ነኝ!»

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

«ሰላምታዬን አደረስሽልኝ?»

«አድርሻለሁ እምዬ።»

«በስሜ ጠርተሽ?»

አልጠራሁም ነበር። ሚኒባሱን አሳለፍኩትና ተመልሼ ገባሁ።