ለገጣፎ ላይ የተሰጣ ዓሣ

ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሥራ ሁለት የካርቶን ዓሣ ሰቀልኩ። ትንሹ 8፣ ትልቁ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ራቅ ብዬ ቆሜ ርዝመቱን እገምታለሁ፣ ከዚያ በሜትር አረጋግጣለሁ። የጎረቤት እማማ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው "ልጄ፣ ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? ለጾም ነው?" አሉኝ።

ልምምድ ነው እማማ። ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ የኮራል ሪፍ (ትናንሽ የባሕር እንስሳት ውኃ ውስጥ የሠሩት አለት) ዓሣ ልንቆጥር ነው። እስከ ዛሬ የለመድኩት ዝዋይ ሐይቅን ነው፤ ቆሮሶውን ከመረብ ታወጣለህ፣ ትለካለህ፣ አለቀ። ሪፍ ላይ ግን ዓሣው አይያዝም። 50 ሜትር ገመድ ዘርግተህ፣ ግራና ቀኝ 2.5 ሜትር ውስጥ ያለውን እየዋኘህ ትቆጥራለህ። መጠኑም በዓይን ግምት ነው። ውኃ ውስጥ ደግሞ ነገር ሁሉ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል።

ራሴን ያዞረኝ ግን መመለሻው ነው። ለቀናት ሲጠልቅ የከረመ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን የአየር ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ እንዳይሠራ። "በመኪና እንመለሳለና!" አለ አንዱ፣ ብልጥ መስሎት። አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት! የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊትም ከዚህ ብዙም አይለይም። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠንም በረራ ላይ ነን በሉት። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን መጥለቅ የለም። የበጀቱ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ።

ከሰዓት ዝናብ መጣ። ትልቁ ዓሣ ረጥቦ ለሁለት ተቆረጠ። ነገ ከባልዲ ክዳን እሠራዋለሁ።