ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው

«ስልክ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው የስልክ ስም ከመጥራቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሰፈራችሁ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል? ስንት ሲም ትይዛላችሁ? ቴሌግራማችሁ ላይ ስንት ቻናል አለ? ብዙው ሰው የሚጠብቀው ስለ ካሜራ እንድጠይቀው ስለሆነ ግር ይለዋል። እኔ ግን ስልክ የሚመረጠው ከውሎ ተነስቶ ነው ባይ ነኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 108 ሜጋፒክስልና 16 ጂቢ ራም ነው። በስድስተኛው ወር ስልኩን የሚያስጠላው ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የለም።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ገዢ አይሠራም።

ከሁሉ የማስቀድመው ስቶሬጅ (ፋይልና አፕ የሚቀመጥበት ቦታ) ነው። «ስልኬ ሀንግ ያደርጋል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ራም (የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ) ላይ ይጥላል፤ ሲታይ ግን የሞላው ስቶሬጁ ሆኖ ይገኛል። 64 ጂቢ የተባለ ስልክ ከካርቶኑ ሲወጣ 64ቱም ባዶ አይደለም፤ ሲስተሙና አብረውት የሚመጡት አፖች ከ15 እስከ 20 ጂቢ ይይዛሉ። የቀረውን ደግሞ ቴሌግራም ይጠብቀዋል። የተከፈተ ፎቶ፣ የታየ ቪዲዮ፣ የተሰማ መዝሙር ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። የዜናና የፊልም ቻናል የሚያበዛ ሰው በጥቂት ወራት 20 ጂቢ ቢሞላበት አይገርመኝም።

ሲሞላ ለምን ይንቀራፈፋል? የስልክ ስቶሬጅ በተጻፈ ቦታ ላይ እንደ ደብተር ሰርዞ አይጽፍም። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ብሎክ ጠርጎ ባዶ ማድረግ አለበት። ባዶ ብሎክ ሲያጣ ፋይሉን ከዚህ ወደዚያ እያዛወረ ቦታ ማስለቀቅ ይጀምራል፤ ያኔ ኪቦርዱ ራሱ ዘግይቶ ይወጣል፣ የገባ ጥሪ እየጮኸ ስክሪኑ ላይ ስም አይታይም። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 በመቶው ሁልጊዜ ባዶ ይሁን። ቴሌግራም ላይ መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብቶ ካሹን (ስልኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ፋይል) ማጥፋት፣ ከዚያ ፋይል የሚቆይበትን ጊዜ ከ«ፎርኤቨር» ወደ አንድ ሳምንት ማውረድ። ራሱ እንዳያወርድ ደግሞ አውቶ ዳውንሎዱን መዝጋት፤ ይህ ፓኬጅም ይቆጥባል። የጠፋው ፋይል ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ሲያስፈልግ እንደገና ይወርዳል።

ከመጠኑ እኩል የስቶሬጁ ዓይነት ያሳስበኛል። ርካሾቹ ስልኮች ላይ ያለው ኢኤምኤምሲ ሲሆን ከፍ ያሉት ላይ ዩኤፍኤስ ነው። ኢኤምኤምሲ በአንድ ጊዜ ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል፤ ዩኤፍኤስ ሁለቱንም አንድ ላይ ያደርጋል። ኢኤምኤምሲ 5.1 በሰከንድ 300 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ዩኤፍኤስ 2.2 ወደ 1000 ይጠጋል። ፕሌይ ስቶር አፕዴት እያወረደ ባለበት ቴሌብርን ለመክፈት የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሻጭ ይህን አይነግርም፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። የሞዴሉን ሙሉ ስም ጂኤስኤም አሬና የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጽፎ ሜሞሪ የሚለውን ክፍል ማየት ሁለት ደቂቃ ነው። 128 ጂቢ ኢኤምኤምሲና 128 ጂቢ ዩኤፍኤስ በተቀራራቢ ዋጋ ከቀረቡ ካሜራውን ረስቼ ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

«8+8 ራም» የሚለውም እዚሁ ይግባ። ሁለተኛው 8 ራም አይደለም፤ ከስቶሬጁ ተቆርሶ የተሰጠ ቦታ ነው። ስቶሬጁ ኢኤምኤምሲ ከሆነ ጭራሽ ያዘገየዋል። እውነተኛው ራም 4 ከሆነ ዛሬ ለባንክ አፕ፣ ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ በጠባቡ ነው፤ 6 ያዝናናል፣ 8 ለብዙ ሰው በቂ ነው።

ሲምን በተመለከተ፣ ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ 09ም (ቴሌ) 07ም (ሳፋሪኮም) የሚይዝ ሰው በዝቷል። አንዳንድ ስልኮች ላይ ሁለተኛው የሲም ቦታና የሚሞሪ ካርዱ ቦታ አንድ ነው፤ ሁለት ሲም ያስገባ ሰው ሚሞሪ ካርድ ማስገባት አይችልም። የሲም ማውጫውን መርፌ ተቀብሎ ትሪውን አውጥቶ ማየት ነው፦ ሦስት ጉድጓድ ካለው ሦስቱም ይገባሉ፣ ሁለት ከሆነ መምረጥ ግድ ነው። ሚሞሪ ካርድ ፎቶና መዝሙር ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ስልኩ ቢሞት እንኳ ካርዱ ይወጣል። አፕ ለመጫን ግን አልመክረውም።

ባትሪ ላይ ሰው የሚያወዳድረው ሚሊአምፒር ነው። 5000 ዛሬ የተለመደ ስለሆነ ብዙም አያለያይም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚያለያየው የመሙያው ፍጥነት ነው። 5000 ሚሊአምፒር ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። 10 ዋት ቻርጀር ብክነቱና መጨረሻ ላይ ያለው መዘግየት ተጨምሮበት ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ 33 ዋቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። መብራት ለአንድ ሰዓት ብቅ ብሎ በሚሄድበት ቀን ባለ 10 ዋቱ ሲሶውን ይዞ ይቀራል፣ ባለ 33ቱ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ችግሩ ፈጣኑ ፍጥነት የሚገኘው ከራሱ ቻርጀርና ከራሱ ገመድ ጋር መሆኑ ነው። የሻውሚና የኦፖ ቻርጀሮች የራሳቸው አሠራር ስላላቸው፣ ከመንገድ ላይ በተገዛ ገመድ ስልኩ ወደ ተራው 10 ዋት ይወርዳል። ሳምሰንግ ብዙ ሞዴሎቹን ያለ ቻርጀር ስለሚሸጥ የቻርጀሩ ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ መንቀልና ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ደግሞ ርካሹ ጥበቃ ነው፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ይዋዥቃል።

ፓወር ባንክ የሚያስብም ሰው ይወቅ፦ 10,000 ተብሎ የተጻፈው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ሲለካ ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ሙቀት ሲወስድበት 5000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል እንጂ ሁለት ጊዜ አይሞላም።

ከውጭ የሚላክ ስልክ የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካ ያለ ወንድም በልግስና የላከው አይፎን 14 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ የሲም ጉድጓድ የለውም፤ የአሜሪካው ሞዴል በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም) ብቻ ነው የሚሠራው። አይፎን 17 ላይ ይህ ወደ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባህሬንና ኦማንም ተሻግሯል፤ ከዱባይ የሚመጣውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከመላኩ በፊት እዚህ ያለው ሰው ቁጥሩን ወደ ኢሲም ስለመቀየር የቴሌ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ይጠይቅ። ሁለተኛው ጣጣ ሎክ ነው። በወርሃዊ ክፍያ ወይም በርካሽ ፕሪፔይድ የተገዛ የአሜሪካ ስልክ ብዙ ጊዜ ከሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ሲም ውጪ ሌላ አይቀበልም። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብቶ ካሪየር ሎክ ከሚለው አጠገብ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካልተጻፈ ላኪው እዚያው ኩባንያውን ጠይቆ ያስከፍተው። እዚህ ከመጣ በኋላ «እከፍታለሁ» የሚል ሞልቷል፤ ብዙው መክፈቻ አፕዴት ሲመጣ መልሶ የሚቆልፍ ነው።

ለቻይና ገበያ የተሠራ ስልክ ጉግል ላይጫንበት ይችላል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የሁዋዌ አዳዲስ ሞዴሎች ደግሞ የጉግል አገልግሎት የላቸውም። አካሉ ያምራል፣ ካሜራው ግሩም ነው፤ ፕሌይ ስቶር የለም። ለባንክ አፕ መከራ ነው።

አሁን ባንኮኒው ጋ ደረስን። መገናኛም ይሁን መርካቶ፣ ብር ከመቆጠሩ በፊት ሃያ ደቂቃ መቆም ነውር አይደለም። መጀመሪያ *#06# ይደወል፤ 15 አኃዝ ያለው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ይወጣል፣ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ ሁለት። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ከዚያ ሲም አስገብቶ 4ጂ መምጣቱን ማየት። «አባውት ፎን» የሚለው ገጽ ማስረጃ አይሆንም፤ ኮፒ ስልክ የፈለገውን ቺፕና ራም እዚያ ላይ ይጽፋል። ውስጡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ኤምቲ6580 ያለ 3ጂ ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ቺፕ ስለሆነ ኔትወርኩ ላይ ይጋለጣል። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ሴቲንግ፣ አባውት ላይ «ዲቫይስ ኢዝ ሰርቲፋይድ» ማለቱም ይታይ።

ሳምሰንግ ላይ *#0*#፣ ሻውሚ ላይ *#*#6484#*#* ሲደወል የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ላይ ነጥብ ወይም የሌላ ምስል ጥላ መኖሩን ማየት፣ በተች ፍተሻው ጠርዝ ጠርዙን በጣት መሙላት። ከዚያ ለጓደኛ ደውሎ ስልኩን ወደ ጆሮ ማስጠጋት፤ ስክሪኑ ካልጠፋ ጉንጭ ሚዩት እየተጫነ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲባል ይዋላል። ርካሽ ስልኮች ላይ ይህን ሴንሰር በሶፍትዌር ስለሚተኩት ችግሩ አዲስ ስልክ ላይም ይገጥማል።

ስላይትሊ (ትንሽ ያገለገለ ስልክ) የሚገዛ ሰው ሻጩ አጠገቡ ቆሞ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ያስደርግ። ስልኩ ተነስቶ የድሮውን የጉግል አካውንት ከጠየቀ ሻጩ ፓስወርዱን እዚያው ያስገባ፤ «ቤት ረሳሁት» ካለ ሰላም ብሎ መሄድ ነው። አይፎን ከሆነ የአፕል አካውንቱ መውጣቱን፣ የባትሪው ጤና (ባትሪ ሄልዝ) ስንት በመቶ እንደቀረው፣ አባውት ውስጥም የተቀየረ ስክሪን ወይም ባትሪ ላይ «አንኖውን ፓርት» የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ማየት። ጤናው ከ80 በመቶ በታች የወረደ ባትሪ ይቀየራል፤ የመቀየሪያው ዋጋ ድርድሩ ውስጥ ይግባ።

ስክሪን ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ከመግዛት በፊት ጠጋኝ ቤት ጎራ ብሎ የዚያ ሞዴል ስክሪን መኖሩንና ዋጋውን መጠየቅ። አሞሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ፀሐይ ላይ ደህና ይታያል፣ ያምራል፤ ሲሰበር ግን የስልኩን ሲሶ ሊያስከፍል ይችላል፣ ኦሪጅናሉም አይገኝ ይሆናል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ኤ ሲሪየስ ዕቃቸው በየጠጋኝ ቤቱ ስላለ ክፍለ ሀገር ለሚኖር ሰው የማስቀድመው እነሱን ነው።

ካሜራ? ባለ 2 ሜጋፒክስል «ማክሮ»ና «ዴፕዝ» ቁጥር ማሟያ ናቸው። 108 ያለውም በተለመደው አሠራሩ ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አንድ እያደረገ 12 ሜጋፒክስል ነው የሚያወጣው። ማታ የሚያነሳ ሰው ኦአይኤስ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ የካሜራ ክፍል) ያለውን ይፈልግ። ሌላው ይለፍ።

አፕዴት ግን አይለፍ፤ የባንክ አፖች አሮጌ አንድሮይድን እየተዉ ነው የሚሄዱት። ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤ16 ስድስት ዓመት፣ ለኤስ24 ሰባት ዓመት ቃል ገብቷል። አራትና አምስት ዓመት ለመያዝ ለሚያስብ ሰው ይህ ከሁለት ሜጋፒክስል ካሜራ ይበልጥበታል።

ለእናት የሚገዛ ከሆነ መጀመሪያ ልጆቿ የት እንዳሉ ይታይ። ሪያድ ወይም ቤሩት ያለች ልጅ በኢሞ ፊቷን እንድታያት ከተፈለገ ድምፁ ጮክ የሚል፣ ፊደሉ የሚተልቅ ስማርት ስልክ ያስፈልጋል። ካልሆነ ባለ ቁልፉ ስልክ ቀናት ይቆያል፤ ቴሌብርም በ*127# ይሠራል።

ደረሰኝ ላይ አይኤምኢአዩን ማስጻፍ፣ ዋስትናው ስክሪንና ቻርጀር ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ። አሮጌው ስልክ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ማውጣት፣ በአዲሱ ስልክ ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ ገብቶ የድሮውን መዝጋት፣ ሚሞሪ ካርዱን መንቀል፣ በመጨረሻ ሪሴት።