ሞተሩ ከስር ሲንኳኳ፦ ያለቀ ብሮንዚንን እንዴት ለየሁት

የድሮዋ ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሳ ምንም አይላትም። ሞቃ የእንጦጦን ዳገት ስትይዝ ግን ከስር «ዱግ ዱግ» ትላለች። አንድ መካኒክ ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍት «ፑንቴሪያ ነው» አለኝ፤ ቫልቮቹን የሚገፋው ክፍል ማለቱ ነው። አልተዋጠልኝም። የፑንቴሪያ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የሚሰማውም ከላይ ነው። የኔዋ ወፍራም፣ ከታች የሚመጣና ሲሞቅ የሚብስ ነበር። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናላ! በቢየላው (ከፒስተኑ የሚወርደው ዘንግ) እና በክራንክሻፍቱ (ቢየላው የሚያዞረው ዋና ዘንግ) መሀል ያለው ስስ ቤሪንግ፣ ማለትም ብሮንዚኑ፣ ካለቀ ቀጭን ዘይት ክፍተቱን አይሸፍንለትም።

መጀመሪያ ሞተሩን በደንብ አሞቅኩት። ወደ 2,000 ዙር አድርሼ የነዳጁን ፔዳል ቀስ ብዬ ስለቅ ኳኳታው በዚያች ቅጽበት ጎልቶ ወጣ። ረጅም ካቻቢቴ ይዤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩ። ቫልቮቹ ጋ ጸጥ ነው። ወደ ኮፓው (ከስር ያለው የዘይት ገንዳ) ስወርድ መዶሻ ነው።

ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹን ሞተሩ እየሠራ ተራ በተራ ነቀልኩ (በደረቅ ጓንት ያዙት፣ ያነዝራል)። ሦስተኛው ሲነቀል ድምፁ ወዲያው ለዘበ። ሲሊንደሩ ካልተኮሰ ቢየላውን በኃይል የሚጫነው ነገር የለም። የዋናው የክራንክሻፍት ብሮንዚን ቢሆን ኖሮ በአንድ ገመድ ይህን ያህል አይለዝብም ነበር።

ማረጋገጫው ግን የዘይት ፊልትሮው ነው። ቀድጄ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። እጥፋቶቹ ውስጥ ወርቅማ ብናኝ ያብረቀርቃል። ማግኔት ባስጠጋ ንቅንቅ አላለም። ብረት ቢሆን ይሳባል፤ የብሮንዚን ሽፋን ግን እንደየዓይነቱ ቲን፣ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው።

ከዚያ በኋላ አልነዳኋትም፣ አስጎተትኳት። ቢየላ ከተበጠሰ የሞተሩን አካል በስቶ ይወጣል። ኮፓው ሲፈታ የሦስተኛው ብሮንዚን ግራጫ ገጽ አልቆ መዳቡ ወጥቷል። ክራንክሻፍቱም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረበት። ስለዚህ ቶርኖ ቤት 0.25 ሚሊሜትር ተላጠ፣ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ተገዛ። የዘይት መተላለፊያዎቹም ታጠቡ፤ ያ ብናኝ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ይበላዋል።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ካላችሁ፣ ሻጩ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ድምፁን ሊያፍነው ይችላል። አሙቃችሁ ዳገት ላይ ሞክሯት፤ ስትመለሱ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጧት ቆማ ስትሠራ) የዘይት መብራቷ ብልጭ ካለ ዋጋ አትደራደሩ፣ ውረዱ።